የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ይምጣ ወይስ ከሀገር ነጋዴ ይገዛ?

ዕቃ መግዛት ለገዢው የአንድ ቀን ጕዳይ ይመስለዋል፤ ለሀገር ግን የብዙ ዓመት ጕዳይ ነው። ይህንንም ለመረዳት ትልቁን ሸቀጥ፥ ነዳጁንና ስንዴውን መመርመር አያስፈልግም፤ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ አንድ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ይበቃል። ይኸውም ፈረንጆች ሪል የሚሉት፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ መንኰራኵር የምንለው፥ የማጥመጃው ክር የሚጠመጠምበትና በእጀታ እየዞረ ዓሣውን ወደ ዳር የሚስበው መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ በልደታ ሠፈር የሚኖር አንድ ሰው በዕረፍቱ ቀን ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ላንጋኖ ወርዶ ዓሣ ለማጥመድ ቢያስብ፥ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ መንኰራኵሩን ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ እጅ ያስመጣው ወይስ ከከተማው ነጋዴ ይግዛው የሚል ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ነገር ነውና ስለ ምን በጋዜጣ ይጻፍበታል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያው ጥያቄ በጣና፥ በሐዋሳ፥ በዓባያና በጫሞ ዳር ለሚኖረው ዓሣ አስጋሪ ሲቀርብለት የመዝናኛ ነገር መሆኑ ይቀራል። እርሱ የሚጠይቀው ስለ መንኰራኵር ሳይሆን ስለ መረብ፥ ስለ ክርና ስለ መንጠቆ ነው፤ መልሱም የልጆቹን እንጀራ፥ ከዚያም አልፎ በውሃው ውስጥ ያለውን ዘር የሚነካ ነው። ስለዚህ ከትንሹ ጀምረን ወደ ትልቁ እንሄዳለን።

ልደታ ለውጭ ሀገር ዕቃ እንግዳ ሠፈር አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ማረፊያው የልደታ ሜዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው ጕዞ የድርጅቱ የመጀመሪያ በረራ ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያ በፊት ከጅቡቲ በምድር ባቡር ቀን ቈጥሮ ይመጣ የነበረ ጥቃቅን ሸቀጥ ከዚያ ወዲህ በጥቂት ሰዓት ከሰማይ መውረድ ተቻለው። ጄት የሚባሉት አውሮፕላኖች በመጡ ጊዜ ሜዳው አጥሮ ተገኘና ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ በዚያ በኩል ያለው ሠፈር ግን «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን ስሙን አልጣለም። ዛሬ ልደታ የምትታወቀው በእመቤታችን ልደት ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያንዋ፥ በፍርድ ቤትዋና ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያልፍባት የከተማ ባቡር ነው። ወደ ሰሜን ጥቂት የተራመደ መርካቶ ይደርሳል፤ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የወረደ ደግሞ በ1930ዎቹ ዓመታት የተቋቋመውን ተግባረ እድን ያገኛል። ለነገራችን ፍርድ ቤቱም ተግባረ እዱም ኋላ ያስፈልጉናልና አንባቢ በልቡ ይያዛቸው።

«ያገር ውስጥ ዕቃ» እና «የውጭ ዕቃ» የሚለው አነጋገር በዚህ ጕዳይ ሰውን ያሳስታል። መንኰራኵሩ በከተማችን ሱቅ ቢገዛም የባሕር ማዶ ሥራ ነው። ማ ዩዋን የተባለ ቻይናዊ ሠዓሊ በ1195 እ.ኤ.አ. ገደማ በሣለው ሥዕል ላይ አንድ ሰው በክረምት ሐይቅ መካከል በትንሽ ጀልባ ተቀምጦ መንኰራኵር ባለበት ዘንግ ሲያጠምድ ይታያል፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት የዚህ መሣሪያ ሥዕሎች ሁሉ የቀደመው ይህ ነው ይባላል። በእኛ ሀገር የንጉሥ ላሊበላ ዘመን መሆኑ ነው። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያለውን ዓይነት፥ ማለት ጥቅልሉ ሳይዞር ክሩ ብቻ እየተፈታ የሚወረወርበትን፥ በ1905 እ.ኤ.አ. በሕግ ያስመዘገበው ኢሊንግዎርዝ የተባለ በፈትል ኢንዱስትሪ የኖረ እንግሊዛዊ ነው። በጃፓን ሀገር በ1921 እ.ኤ.አ. በሳካይ ከተማ የብስክሌት ጥርስ በመሥራት የተቋቋመው ሺማኖም ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ወደዚህ ሥራ ገባ። ዛሬ ርካሹ ዕቃ በብዛት የሚሠራው በቻይና ነው፤ በተለይም በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዌይሃይ ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት።

እንግዲህ የሚገባው ጥያቄ ዕቃው ከየት መጣ የሚል አይደለም። ማን አመጣው፥ በምን ገንዘብ አመጣው፥ ቢሰበርስ ማን ይጠየቅበታል የሚል ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። በብር የሚሠራው የባንክ ካርድ ከባሕር ማዶ ሻጭ ዕቃ ለመግዛት ለብዙ ዘመን አላገለገለም፤ ስለዚህ መንኰራኵር ያማረው ሰው ወይ በውጭ ሀገር የሚኖር ወንድሙን ያስቸግራል፥ ወይም ዶላር ከጥቁር ገበያ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህም ምክንያት 50 ዶላር የሚያወጣ መንኰራኵር፥ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ፥ በፊት 2,850 ብር የነበረው ከ5,000 ብር ከፍ አለ። ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከባንክ ውጭ የሚመነዘረው እያንዳንዱ ዶላር ደግሞ መድኃኒትና የእርሻ ዕቃ ለማምጣት ከሚውለው የሀገር ገንዘብ ላይ የተቀነሰ መሆኑን የሚያስብ ገዢ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ቀረጡ አለ። የዓለም መንግሥታት በሚሠሩበት የጕምሩክ መዝገብ የዓሣ ማስገሪያ ዘንግ፥ መንጠቆና መንኰራኵር በምዕራፍ 95 በቍጥር 9507 ሥር ተጽፈዋል፤ ምዕራፉም የልጆች መጫወቻና የስፖርት ዕቃ የሚቈጠርበት ነው። መረብ ግን በምዕራፍ 56 ከገመድና ከሲባጎ ጋር ተመድቧል። መዝገቡን ያዘጋጁት ሰዎች መንጠቆን ሲያስቡ የታያቸው በዕረፍቱ ቀን ከወንዝ ዳር የተቀመጠ ባለጠጋ እንጂ በታንኳ ላይ ያደረ የጣና ሰው አልነበረም። ለማናቸውም፥ እስከ 35 በመቶ በሚደርሰው የቀረጥ ሰንጠረዥ የተወሰነው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ፥ በዕቃው ዋጋና በቀረጡ ድምር ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ሱር ታክስም አለ። በዘመድ ሻንጣ ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ የመጣው መንኰራኵር ይህን ሁሉ ሳይከፍል ያልፍ ይሆናል። በፈቃድ የሚነግደው ሰው ግን ሁሉንም ከፍሎ፥ የሱቁን ኪራይና ግብሩን ጨምሮ ሲሸጥ ዋጋው ከፍ ማለቱ አይቀርም። ገዢው ሁለቱን ዋጋ አስተያይቶ «ነጋዴው ዘረፈኝ» ይላል፤ ከዘረፋው የሚበዛው ክፍል ግን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የገባ ነው።

ይህን ስንል ነጋዴውን ከነቀፌታ ነጻ ማውጣታችን አይደለም። የከተማችን ቸርቻሪ ብዙ ጊዜ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም። መንኰራኵሩ ስንት ኪሎ የሚስብ ዓሣ ይችላል፥ ምን ውፍረት ያለው ክር ይጠመጠምበታል ተብሎ ሲጠየቅ ካርቶኑን አገላብጦ ያሳያል። ዋጋ በዕቃው ላይ ሳይለጠፍ ገዢው እንደ አለባበሱ ይተመንለታል። የታወቀ ፋብሪካ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ዕቃ ከእውነተኛው ጋር ተደባልቆ ይደረደራል። ደረሰኝ የጠየቀ ሰው «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» ይባላል። ባሕር ማዶ ያለው ሻጭ ግን የመሣሪያውን ክብደት፥ የጥርሱን ብዛት፥ ከዚህ ቀደም የገዙትን ሰዎች ምስክርነት ሳይቀር ዘርዝሮ ያቀርባል። ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣው ሰው ሁሉ ሀገሩን የጠላ አይደለም፤ እንደ ሰው ቈጥሮ የሚያስረዳው ሻጭ የፈለገ ነው። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ሀገር ባለሀብቶች እንዲከፈት መመሪያ ወጥቶአልና፥ የሀገር ነጋዴ ይህን ነቀፌታ ዛሬ ካልሰማው ነገ ከጎኑ ከሚከፈተው ሱቅ ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ ከሀገር ነጋዴ የገዛ ሰው ከባሕር ማዶ ሻጭ ሊያገኘው የማይችል አንድ ትልቅ ነገር አለው። ይኸውም ሻጩ በሕግ ሥር መሆኑ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጕድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በገዢው ላይም ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን እንደ ተረከበ ሳይዘገይ መመርመርና ጕድለት ቢያገኝ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ጕድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ ለሸማቹ መብት ሰጥቶታል። በልደታ ፍርድ ቤት የሚያስችሉት ዳኞች መጥሪያ ቢጽፉ የመርካቶው ነጋዴ ይደርሰዋል፤ የዌይሃይ ነጋዴ ግን አይደርሰውም። ስለ አንድ መንኰራኵር ማን ይከሳል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው አይከስም። ነገር ግን የሚከሰስበት ቦታ መኖሩን የሚያውቅ ሻጭና የማያውቅ ሻጭ በአሻሻጣቸው አንድ አይደሉም። ይህም የሚሠራው ደረሰኝ ሲኖር ነው፤ ጥቂት ብር ለመቀነስ ብሎ ደረሰኙን የተወ ገዢ ዋስትናውን አብሮ ሸጦታል።

ሁለተኛውም ነገር የዕድሳት ነገር ነው። መንኰራኵር በውስጡ ያለው ትንሽ ጥርስ፥ ኩሽኔታ፥ ሞላና ሮንዴላ ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩን አምስት ጊዜ ያህል የሚጠመጥም አለ፤ ዓሣው በኀይል ሲጐትትም ክሩ እንዳይበጠስ እየታሸ በልክ የሚለቀው ክፍል አለው። በጫሞ ያለው ናይል ፐርች የሰው ክብደት የሚያክል ሆኖ ያድጋልና፥ ይህ ክፍል ደካማ ከሆነ ክሩ ተበጥሶ መንጠቆው በዓሣው አፍ ይቀራል። የባሕሩ ዳር አሸዋ በኩሽኔታው ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ይንቋቋል፥ ኋላም ይቆማል። በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ መለዋወጫው ከዋናው ዕቃ ባልተናነሰ ወጪ መምጣት ይኖርበታልና ብዙው ሰው ይጥለዋል። አንድ ነጋዴ ግን አንዱን ዓይነት መርጦ በብዛት ቢያመጣ፥ መለዋወጫውንም አብሮ ቢያስቀምጥ፥ የነሐሱን ቍራጭ በቶርኖ የሚያወጣ ባለሙያ ከተግባረ እድ ተማሪዎች መካከል ቢፈልግ፥ መሣሪያው ዐሥር ዓመት ያገለግላል። በዚህ ጊዜ «ያገር ውስጥ» የሚለው ቃል ትርጕም ያገኛል፤ ዕቃው የውጭ ሆኖ እውቀቱ ያገር ይሆናልና።

አሁን ከልደታው ሰው ወደ ጣናው ሰው እንለፍ፤ የነገሩ ክብደት ያለው በዚያ ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፥ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማያልፍ ባሕር ነው። በዳሩ የሚኖረው ሰው፥ በተለይም ወይጦ የሚባለው ወገን፥ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ሲያስገር ኖረ። በ1978 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዑርክ ከምትባለው የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ከመጣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው የጣናን የዓሣ ሀብት ልማት ሥራ ጀመሩ። ሞተር ያለው ጀልባና ከናይሎን የተሠራ መረብ በዚያን ጊዜ ገባ። ዓሣ አስጋሪው እስከ ባሕሩ መካከል መድረስ ቻለ፤ የባሕር ዳር ከተማ ገበያም ዓሣ አገኘ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ መሣሪያውም በታወቀ እጅ፥ ለታወቀ ሥራ የመጣ ነበር።

ነገር ግን በጣና ውስጥ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ዓይነት ነጭ ዓሦች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት መጨረሻ ከነሐሴ ጀምሮ ለመራባት ወደ ጕማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ቀረሶ በባሕሩ ውስጥ ቶሎ ይራባል፤ ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ በወንዙ አፍም ተሰብስቦ ሲያልፍ መረብ ለዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት እጁ ይገባል። ጠበብት መርምረው እንደ ጻፉት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀነሰ። የጕልማሳው ዓሣ መቀነስ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ግልገሉም ከዚያ በሚበልጥ መጠን አነሰ። ለዚህ ሁሉ መረብ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ኋላ የመጣው እንቦጭና በወንዞቹ ዳር የተስፋፋው እርሻ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቢሆንም በገንዘብ ተገዝቶ የሚገባ፥ እንግዲያውም በበር ላይ ሊታገድ የሚችል፥ መረቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት መረብ መጣ። ከአንድ ወፍራም ጅማት መሰል ክር የሚሠራ፥ በውሃ ውስጥ እንደ መስተዋት የማይታይ መረብ ነው። በፈቃድ ሳይሆን ድንበር ተሻግሮ በድብቅ የሚገባ ነው፤ ዋጋውም ከተፈተለው የናይሎን መረብ ያንሳል። የተፈተለው መረብ ሲቀደድ በዳር ተቀምጠው ይጠግኑታል፤ ይኸኛው ግን ቶሎ ይቀደዳል፥ ሲቀደድም ይጣላል። የተጣለው መረብ አይበሰብስም። ባለቤቱ ከረሳው በኋላ በባሕሩ ወለል ተዘርግቶ ዓሣ ሲይዝና ሲገድል ይኖራል፤ የሚለቅመው ሰው ግን የለም። እነሆ ርካሹ ዕቃ ለአንዱ ቤት ርካሽ ሆኖ ለሺህ ቤት ሲወደድ በዐይን የሚታይበት ቦታ ይህ ነው።

ዓሣ አስጋሪው ይህን የማያውቅ እንዳይመስለን። እርሱ ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ግን የትምህርት ቤት ጊዜ ደርሶ ለልጆቹ ደብተር መግዛት ያለበት ሰው፥ አንድ ሕጋዊ መረብ በሚገዛበት ገንዘብ ሁለት የተከለከለ መረብ የሚያገኝ ቢሆን፥ ምክር ብቻውን አይመልሰውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 የማስገሪያ መሣሪያ በሥርዓት እንዲሆን አዝዞአል። አዋጁ ግን የሚይዘው በሕግ መንገድ የሚሄደውን ነጋዴ ነው፤ የዐይኑን ስፋት ለክቶ፥ ቀረጡን ከፍሎ፥ ስሙን ጽፎ የሚሸጠውን። በሌሊት በግመል የሚገባው መረብ ስም የለውም። ስለዚህ ሕጋዊው ነጋዴ ከተወዳዳሪው ጋር እጁን ታስሮ የሚታገል ሰው ሆኖአል።

በዚህ ጕዳይ የመንግሥት ሠራተኞች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ትንሽ አይደለም። ለመዝናኛ የሚመጣው መንኰራኵር ሙሉ ቀረጡን ይክፈል፤ እኛ አንቃወምም። ለኑሮ የሚመጣው የመረብ ክርና መንጠቆ ግን ከመጫወቻ ጋር በአንድ ዐይን መታየት አይገባውም፤ ቀረጡ ተመርምሮ የተፈተለው መረብ በባሕር ዳር ገበያ ከተከለከለው መረብ ዋጋ ጋር እንዲቀራረብ ቢደረግ፥ ከብዙ ቅጣት ይልቅ ይጠቅማል። የዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአንድነት ሆነው ቢያዝዙ ነጋዴው በብዛት ያመጣል፤ በብዛት ያመጣ ደግሞ በርካሽ ይሸጣል። መረቡን በዳር ተቀምጦ በእጅ የሚሠራም ሰው አለና፥ ክሩን ብቻ አስመጥቶ ሥራውን ለሀገር እጅ መተው የዋጋውን ከፊል በቤት ያስቀራል።

በደሴቶቹ ያሉ ገዳማትና በዳሩ ያሉ አድባራትም በነገሩ ውስጥ አሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራን እንተወው፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛና ዋጋውም እንደሚወጣ ግን የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል። የፈላጊው ብዛት መረቡን ይጠራዋል። ካህናት በሰንበት ለሚሰበስቡት ምእመን ስለ መረቡ ዓይነት አንድ ቃል ቢናገሩ፥ ከከተማ የሚላከው መመሪያ ሳይደርስ የሚቀርበት ቤት ሁሉ ይደርሳል። የ1978ቱን ሥራ ከጀመሩት አንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረችና ነገሩ ለእርስዋ አዲስ አይደለም።

የልደታው ሰው እንግዲህ ወደ መርካቶ ወጥቶ ሦስት ሱቅ ይጠይቅ፤ መለዋወጫ ያለውንና ደረሰኝ የሚሰጠውን ይምረጥ፤ ከሦስቱ አንዱም እንዲህ ያለ ካልሆነ ከባሕር ማዶ ቢያስመጣ አንወቅሰውም፤ ቀረጡን ግን ይክፈል። የጣናው ጕዳይ እንዲህ በሰው ምርጫ የሚተው አይደለም። ነጭ ዓሣው ወደ ወንዞቹ የሚወጣው ከነሐሴ ጀምሮ ነውና፥ በምዕራብ በኩል ባሉት የጕምሩክ ኬላዎች ፍተሻው መጥበቅ፥ ሕጋዊውም መረብ በባሕር ዳርና በጎርጎራ ሱቆች መድረስ ያለበት ከሰኔ በፊት ነው።